የአባቴ ባርኔጣ ፋሽን የሆነ ጊዜ

አባቴ የአሰብ መስመር ሾፌር ሳለ ከዚያው ከወደቡ የገዛው ቡናማ ባርኔጣ ነበረው። ክፈፉ አጠር ያለ፣ ጥቁር ጥብጣብ የዞረበት፣ የፋብሪካው ስም ከውስጥ በወርቃማ ፊደል የታተመበት የፈረንጅ ዕቃ ነው። ለጁምዓ ነጭ ቆቡን ይደፋል፤ ከዚያ ውጭ ከባርኔጣው አይለይም። ደሴ ውስጥ ያን ዓይነት የሚያደርግ ሌላ ሰው አላየሁም፤ ቢኖርም ቧንቧ ውሃ እስከሚባለው ሰፈራችን አልደረሰም።

ጡረታ ከወጣ በኋላ መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ ቁልፍ፣ ቀጥሎ የሰው ስም፣ በኋላ የቤቱን መንገድ። ሹልክ ብሎ ሲወጣብን እናቴ አትጮህም፣ አታለቅስም። ሻርፗን ጣል አድርጋ ትወጣና “ባለባርኔጣውን አያችሁልኝ?” ትላለች። ባለሱቁም ሊስትሮውም አቅጣጫውን ያሳዩዋታል፤ ሳይመሽ ይዛው ትመለሳለች። ለእኛ ያ ባርኔጣ ከዘበኛ ይበልጥ ነበር።

ከዚያ አንድ ዘፋኝ በክሊፕ ላይ አድርጎት ታየ መሰለኝ፣ እንጃ፤ ብቻ በአንድ ክረምት የከተማው ጎረምሳ ሁሉ ባርኔጣ ደፋ። ሰልባጅ ተራ የዚያው ፋብሪካ ስም ያለበት ባርኔጣ ተቆለለ፤ እውነተኛውም፣ ተመሳስሎ የተሠራውም። አባቴ ከውስጥ አድርጎት የኖረውን ስም ጎረምሶቹ ከፊት ለጠፉት። የሽማግሌ ዕቃ ሲባል የኖረው ነገር ከተቀደደ ጂንስ ጋር መንገድ ለመንገድ ይዞር ጀመር። አባቴን ሲያዩ “ፋዘር እኮ አራዳ ናቸው” ይላሉ። እሱ ደስ ብሎት እጁን እያነሳ ሰላም ይላቸዋል። እኔ ግን ከእንግዲህ ቢጠፋ በምን ይለዩታል እያልኩ እፈራ ነበር።

የፈራሁት አልቀረም። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ወጣብን። እናቴ እንደ ልማዷ ጠየቀች። ባለሱቁ ወደ ፒያሳ አለ፣ ሊስትሮው ወደ ሆጤ አለ፤ ሁለቱም አልዋሹም። ፒያሳ ያገኘሁት ፑል የሚጫወት ልጅ ነው፤ ሆጤ ያገኘሁት የባጃጅ ሾፌር። አንዲት ቆሎ ሻጭ ባርኔጣ ያደረገ ሰው የኮምቦልቻ ሚኒባስ ሲገባ አየሁ ስትለኝ አምኛት ቁልቁል ወረድኩ። ኮምቦልቻ መናኸሪያ ግን ባርኔጣ በባርኔጣ ሆኖ ጠበቀኝ። ከኋላ ሮጬ ትከሻ ስነካ ጢም ያላወጣ ልጅ ዞሮ ያፈጥብኛል። ሰው ሁሉ ሊረዳኝ እየፈለገ ሁሉም ወደ ተሳሳተ ሰው ይልከኝ ነበር። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን አቅም ያነሰኝ ጊዜ የለም።

ከመናኸሪያው አጥር ሥር አንድ ራሰ በራ ሽማግሌ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ወዲያ ወዲህ ስል በአጠገባቸው አልፌያለሁ። “ልጄ” ብለው ሲጠሩኝ ግን ድምፁ የአባቴ ነበር። ባርኔጣውን ማን እንደወሰደበት እስከ ዛሬ አናውቅም።

ሄጄ ከፊቱ ተንበረከክሁ።

“ስትንከራተቺ አየሁሽ። ማን ጠፍቶሽ ነው?” አለኝ።

“አባቴ” አልኩት።

ፊቴን ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ሁለት እጆቹን ዘረጋና “አይዞሽ ልጄ፤ አላህ ያገናኝሽ” አለ።

እኔም እጄን ዘረጋሁ። አሚን አልኩ።