በጎማ መንፊያ ያደገው ቲማቲም

ባለፈው ወር ልጄ ከአዲስ አበባ መጥታ፣ ሶዶ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ነጭ ቱቦ ደረደረች። በየቀዳዳው ሰላጣ ተከለች፤ በውስጡ ውኃ ለቀቀችበት። "እማዬ፣ ይኼ እርሻ አፈር የሚባል ነገር አይነካውም" አለችኝና ጥቅሙን ታስረዳኝ ጀመር። አረም የለበትም፣ ቦታ አይፈጅም፣ ውኃ ይቆጥባል። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እሷም ተቀየመችኝ። እኔ ግን የሳቅኩት በእሷ አልነበረም፤ ቦዲቲ ትዝ ብሎኝ ነው።

ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔም ቦዲቲ ላይ አዲስ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ። አባቴ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚኖር ገበሬ ነው። እኛ አገር ሰው ብዙ፣ መሬት ጥቂት ነው። አባቴ ማሳውን ለወንድሞቼ ሲያካፍል ለእያንዳንዳቸው የደረሰው ቁራጭ፣ ላም ቢያስሩበት ጅራቷ ጎረቤት የሚገባ ነበር። ለሴት ልጅማ ማን መሬት ይሰጣል? "አንቺ ደመወዝ አለሽ" ተባልኩ።

የሚያንገበግበኝ በየዓመቱ ኅዳር ላይ ቤተ ክርስቲያናችን የሚያደርገው የምርት ምስጋና ነበር። ምእመኑ ሁሉ ከማሳው ያመጣል። በቆሎው፣ ስኳር ድንቹ፣ በቅጠል የተጠቀለለው ቅቤ፣ ሕፃን ልጅ የሚያህለው፣ ቦይና የምንለው ሥራ ሥር ከፊት ይከመራል። ትኩስ ዝንጅብል አዳራሹን ያውደዋል። እኔ የገበሬ ልጅ ግን ብር ያለበት ፖስታ ይዤ እሰለፋለሁ። ፖስታ ደግሞ ምን ይሸታል?

ኮሌጅ ሳለሁ ተክል አፈሩን ራሱን እንደማይበላ ተምሬያለሁ። የሚፈልገው በውኃ የሟሟ ምግብ፣ ብርሃን፣ ለሥሩም አየር ነው። ክረምቱ ሲገባ ቢጫ ጀሪካኖች ለሁለት ሰንጥቄ፣ የታጠበ ጠጠር ሞልቼ፣ ዳፕና ዩሪያ ከተጣራ የአመድ ውኃ ጋር በጥብጬ የቲማቲም ችግኝ ተከልኩበት።

የመጀመሪያዎቹ ችግኞች ወዲያው ተቃጠሉ፤ ማዳበሪያው በዝቶባቸው ነው። አፈር የሰውን ስሕተት ይሸከማል፣ ውኃ ግን ምንም አይሸከምም። ሁለተኛዎቹ ደግሞ ጠወለጉ፤ ጀሪካኑም ይገማ ጀመር። ሥሩ ታፍኗል። አየር ከየት ይምጣ? ሞተር የለኝም፣ ቢኖረኝም መብራቱ ሲመጣ እንግዳ ነው። የቤቴ አከራይ አቶ አንጁሎ ብስክሌት እየጠገኑ ያከራዩ ስለነበር፣ ጎማ መንፊያቸውን እንዲያውሱኝ ለመንኳቸው።

"ቲቸር፣ ብስክሌት ገዛሽ እንዴ?"

"የለም፣ ለቲማቲሙ ነው።"

እኔን አዩ፤ ቲማቲሙን አዩ። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ "በየት በኩል ነው የሚነፋው?" አሉኝ።

የመንፊያውን ቱቦ ውኃው ውስጥ ነክሬ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት፣ ማታም ስመለስ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ እነፋለሁ፤ ውኃው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ገበያተኞች አጥሩ ላይ ተደግፈው ይመለከቱኛል። ሳምንት ሳይሞላ "ቲማቲም የምትነፋው አስተማሪ" ተባልኩ። ተማሪዎቼ ወደ ሰሌዳው ስዞር "ፍስስ! ፍስስ!" ይሉብኛል።

ይሁን እንጂ ቲማቲሙ አገገመ። አረም የለ፣ ቆራጭ ትል የለ፣ ውኃውም ጥቂት ነው። ግን አንድ ቀን መዘንጋት አይቻልም። ለስብሰባ ሶዶ ስወርድ አቶ አንጁሎ ይነፉልኛል። ስመለስ ላባቸውን እየጠረጉ "ዛሬ ጥሩ ተንፍሷል" ይሉኛል።

ኅዳር ሲደርስ የቀላ ቲማቲም በቅርጫት ይዤ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ፣ ከዝንጅብሉ አጠገብ አስቀመጥኩ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ አቶ ሻንካ ወሬው ደርሷቸው ኖሮ፣ ከጸሎቱ በፊት ተነሡ።

"እኅታችን፣ ይህ ከየትኛው ማሳ ነው?"

"ከማሳ ሳይሆን ከጀሪካን ነው።"

ሕዝቡ አጉረመረመ። አቶ ሻንካ መነጽራቸውን አስተካከሉ። "የምናቀርበው የምድርን ፍሬ ነው። ይኼ ምድር ነክቶ ያውቃል?"

ከመዘምራኑ አንዱ "ዓሣስ ምድር ይነካል እንዴ?" ብሎ ጮኸ።

"ዓሣ ያመጣ ሰው የለም!" አሉት።

ይኼኔ አቶ አንጁሎ ሊረዱኝ ብድግ አሉ። "እኔ ምስክር ነኝ! በገዛ መንፊያዬ፣ በገዛ እጄ ነው የተነፋው!" አንዲት እናት ልጇን ከቅርጫቱ አጠገብ ጎትታ አራቀችው፤ ይፈነዳል ብላ መሰለኝ። እኔ ወንበሩ ሥር ብገባ ደስ ባለኝ።

ከወደ ኋላ አባቴ ተነሣ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ቀስ ብሎ በወላይትኛ እንዲህ አለ፤ "ልጄ በጀሪካን የተከለችው ወዳ አይደለም። ለወንዶቹ ሳካፍል ለእሷ ስንዝር አልሰጠኋትም። ምድር ያልነካው በእኔ ጥፋት ነው፤ ቲማቲሙ ምን አደረገ?"

አባቴ ወደ ፊት መጥቶ አንዱን አነሣና በኮቱ ጠራርጎ ገመጠው። ውኃው በአገጩ ወረደ። አቶ ሻንካም፣ መዘምራኑም፣ እኔም አፉን አፉን እያየን ጠበቅን። አባቴ አላምጦ ዋጠ።

"ጨው ይጎድለዋል" አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ሻንካ ራሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ቅርጫቴም ከሌላው ጋር ተባረከ።

በማግስቱ አባቴ ከእንሰቱ ጎን ያለውን ቁራጭ መሬት በገመድ ለክቶ ሰጠኝ። ወንድሞቼ ፊታቸውን አጥቁረው ችካል ያዙለት። በበልጉ ደረቴን ነፍቼ እዚያው አፈር ላይ ቲማቲም ተከልኩ። ግማሹን ትል በላው፣ ግማሹን ዝናብ አበሰበሰው። የተረፈችው ጥቂት ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጨው አላስፈለጋትም።

ይህን ሁሉ ለልጄ ስነግራት ኩርፊያዋን ረሳች። "ታዲያ የቱ ይሻላል?" አለችኝ። እኔም መለስኩላት፤ ውኃው ጠባብ ቦታን ያሰፋል፤ ግን ዓይንሽን ከእሱ ነቅለሽ የትም አትሄጂም። አፈር ታጋሽ ነው፤ ግን መጀመሪያ የሚሰጥሽ ሰው ያስፈልጋል። አባቴ ካረፈ ቆይቷል፣ ቁራጯ መሬት ግን ዛሬም በስሜ አለች። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተክያለሁ፣ ብዙም ለቅሜያለሁ። ያን ውኃ ውኃ የሚል ቲማቲም ያህል ያፈራልኝ ግን የለም።