ኪኒኑም ከሥሩ ነው

መጀመሪያ ያየሁት ዓይኗን ነው። ጊንጪ ገበያ ድንች እየሸጥኩ «ፌስታል አቀብይኝ» ብላት ልጄ ሌንሴ አፍጥጣ ቀረች። «የት ሄደሽ ነው አንቺ?» ብዬ ተቆጣሁ። ትንሽ ቆይታ እንደ ነቃ ሰው «አቤት አዮ፣ አቤት እናቴ» አለችኝ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት፤ ሐሳብ ይዟት ይሆናል ብዬ ተውኩት።

በሌላ ገበያ ቀን ወደቀች። ጥርሷ ገጠመ። እጅ እግሯ ተንቀጠቀጠ። አረፋ ደፈቀች። ሰው ሸሸ። «ሂን ቱቂና! አትንኳት፣ ይተላለፋል!» ይላሉ። አንዱ ክብሪት ጭሮ ጭሱን አፍንጫዋ ሥር ያዘ። ስሟን ጠራሁ። አልሰማችም። የሞተች መሰለኝ።

አምቦ ሆስፒታል ወሰድናት። ያየችን ዶክተር ወጣት ሴት ናት። «የሚጥል በሽታ ነው፤ ኤፒሌፕሲ ይባላል። የአንጎል ሕመም ነው፣ አይተላለፍም» አለችኝ። የክብሪቱን ስነግራት ራሷን ነቀነቀች። «ክብሪት አፍንጫዋን ከማቃጠል በቀር የሚሠራው የለም። ስትወድቅ በጎኗ አስተኟት። አፏ ውስጥ ምንም አታስገቡ። ቶሎ ካልተዋት ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።» ፌኖባርቢታል የሚባል ኪኒን አዘዘችላት፤ ማታ ማታ የሚዋጥ። ልንወጣ ስንል መልሳ ጠራችኝ። «እናቴ፣ ደህና ሆነች ብለሽ በራስሽ እንዳታቆሚው። ድንገት ከቆመ ብሶ ይነሣባታል። ሊገድላትም ይችላል።»

መጀመሪያ ኪኒኑ እንቅልፍ እንቅልፍ አላት፤ ክፍል ውስጥ እያንቀላፋች አስተማሪዋ ተቆጣት። ቀስ እያለ ግን ሰውነቷ ለመደው፣ መውደቋም እየራቀ ሄዶ ጭራሽ ተዋት፣ እኔም እሷን ለጎረቤት አደራ ሳልል ገበያ መሄድ ጀመርኩ፣ እሷም ከጓደኞቿ ጋር ገመድ ትዘላለች።

ጭንቁ ከዚያ ወዲያ መጣ። እኛ ጴንጤዎች ነን። የጸሎት ቡድናችን መሪ አዴ ጫልቱ ለልጄ ከእኔ እኩል የጾመች ሰው ናት። አንድ ቀን እየሳቀች መጣች።

«ሀዳ ሌንሴ፣ የሌንሴ እናት፣ ልጅቷ እኮ ድናለች! እሁድ ትመሰክሪያለሽ። ኪኒኑን ይዘሽ ነይ፣ መድረኩ ላይ ትጥይዋለሽ።»

«ዶክተሯ እንዳታቆሚ ብላኛለች።»

«ኢየሱስ ከሁሉ በላይ ነው ብለሽ ትዘምሪያለሽ፣ ቤትሽ ገብተሽ ደግሞ ኪኒን ታስውጫለሽ? የቱ ነው ጌታሽ?»

እኛ ጋ ምርኩዝ የጣለ፣ መድኃኒት የጣለ ሲመሰክር እልልታ ነው። ብጥለው ልጄ ትሞትብኛለች። ባልጥለው ጌታ እጁን ያነሣብኛል ብዬ ፈራሁ።

ኪኒኑ አልቆ ስለነበር ላስሞላ አምቦ ሄድኩ። ስመለስ በአውቶቡሱ መስኮት ገበሬ ሲያርስ አየሁ። በሬ ጠምዶ የሚያርስን ሰው በሬ አመለከ የሚለው የለም፤ እህሉን ሲያስገባም የሚያመሰግነው አምላኩን ነው። ኢየሱስ ከሁሉ በላይ ከሆነ ኪኒኑ የት ነው ያለው? ከሥሩ ነው። ከሥሩ ያለ ነገር እንዴት ይፎካከረዋል? እኔ ያልተማርኩ ሴት ነኝ፤ እዚያ አውቶቡስ ላይ ግን ልቤ አረፈ።

እሁድ መድረኩ ላይ ወጣሁ። በአንድ እጄ ኪኒኑን፣ በሌላው ማይኩን ያዝኩ። «ኢየሱስ ጌታ ነው» አልኩ። «በመንፈስም ላይ፣ በአንጎልም ላይ፣ በኪኒንም ላይ ጌታ ነው። ልጄን የረዳት እሱ ነው። በሬ ጠምዶ የሚያርስ በሬ አያመልክም፤ ኪኒኑም ከጌታ ሥር ነው። ዛሬ ማታም ኪኒኗን ትውጣለች።»

እልልታ የለም። ማይክ የሰጠኝ ልጅ ጠጋ ብሎ «ጣይው እንጂ፣ እናቴ» አለኝ በሹክሹክታ።

«አልጥልም! አምቦ ድረስ ተጋፍቼ ያመጣሁት ነው» ስል ለካ ማይኩ አልጠፋም። ጉባኤው በሳቅ ፈነዳ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «አሜን!» አሉ፣ ሌላውም ተከተለ። አዴ ጫልቱ ግን አልሳቀችም።

ደጅ ስወጣ አንድ የማላውቀው ሰው ወደ ጥግ ጠራኝ። ከእንጭኒ ለዘመድ ጥየቃ የመጣ ነው። «ወንድ ልጅ አለኝ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጓዳ ነው የሚውለው። መድኃኒቱን አስጥለውን ባሰበት። አሁን ሆስፒታል ብወስደው ሐኪሞቹ ይቆጡኝ ይሆን?»

«አይቆጡም። አብረን እንሄዳለን» አልኩት። ሄድንም። ያቺው ዶክተር አልተቆጣችም፤ ልጁን ስሙን ጠይቃ ወንበር ሰጠችው። አሁን ትምህርት ቤት ገብቷል።

አዴ ጫልቱ ለብዙ ጊዜ አኮረፈችኝ። ኋላ እህቷን የስኳር ሕመም ሲይዛት ቤቴ መጣችና «ያንን የበሬ ነገር እስቲ ንገሪያት፣ መርፌ አልወጋም ብላለች» አለችኝ። ነገርኳት። እየተወጋች ነው።

ሌንሴ ዛሬ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ዘመድ ቤት ሄዳ ኪኒኑን ረስታ አንድ ጊዜ ወድቃለች፤ ደንግጠናል፣ ግን አልሸሸንም፣ በጎኗ አስተኛናት፣ ተነሣች። ከዚያ ወዲህ ጥሏት አያውቅም፤ ዶክተሯም ጊዜው ሲደርስ ቀስ በቀስ ስለመቀነስ እንነጋገራለን ብላኛለች።

ጌታዬን አመሰግናለሁ። ዶክተሯን፣ አብረውኝ የጾሙትንም አመሰግናለሁ፤ አዴ ጫልቱን ጨምሬ። ልጅሽ የምትወድቅብሽ እናት፣ ጓዳ አትደብቂያት። አትፍሪ፣ ንኪያት። ጸልዪ፤ መድኃኒቱንም አታቋርጪ። እኛ ቤት ማታ ውኃውን እኔ እቀዳለሁ፣ ሌንሴ ትጸልያለች። አሜን ትልና ትውጣለች።