የመርዶ ሐኪም

ዶክተር ወልደአምላክ የሚሠሩት አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ አንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነበር። ሲገቡ ሥራው ባለቤት አልነበረውም፤ የቆዳውም የዓይኑም ሐኪም በተራ ይገባበት ነበር። እሳቸው ግን ወደዱትና እዚያው ቀሩ። በኋላ ድንገተኛ ሕክምና ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ ሲሆን ሐኪሞቹን የሚፈትነው ቦርድ ለነባሮቹ ቀን ቆረጠ፤ በፈረንጆቹ እስከ 1988 ሰመር ሰባት ሺህ ሰዓት የሠራ ይፈተን፣ የቀረው ሬዚደንሲ የሚሉትን የዓመታት ሥልጠና ጨርሶ ይምጣ ተባለ።

እኛ የአገራቸው ልጆች ይህን አናውቅም። የምናውቀው መርዶ ያለ ሐኪም እንደማይነገር ነው። ሰው ራሱን ይስታል፣ ደም ግፊት ይነሳል። ስለዚህ አገር ቤት ዘመድ የሞተበት ሰው በተገኘ ቁጥር ስልክ የማነሳው እኔ፣ ታክሲ ነጂው ክፍሌ ነኝ። ሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን አናንዴል፣ ጎህ ሲቀድ በሩ ላይ እንሰበሰባለን። ዶክተር የሥራ ተራቸውን፣ ሺፍታቸውን፣ ለሌላ ሰጥተው፣ ቦርሳቸውን ይዘው ከኋላችን ይቆማሉ። አንድም ቀን እምቢ አላሉም። እኔም አንድም ቀን ሥራ አለዎት ወይ ብዬ አልጠየቅኩም።

በ1996 አዲሷ የክፍሉ ኃላፊ፣ እሳቸው ራሳቸው ያስተማሯት ልጅ፣ ከጁላይ ጀምሮ የቦርድ ወረቀት የሌለው እንደማይሠራ ነገረቻቸው። የነባሮቹ በር ከተዘጋ ስምንት ዓመቱ ነው። ሬዚደንሲ እንዳይገቡ ሃምሳ አራት ዓመት ሞልቷቸዋል፤ ያመለከቱበት ቦታ ሁሉ መለሳቸው። ወደፊትም የለ፣ ወደኋላም የለ።

ይህን ያጫወቱኝ ባለቤታቸው ወይዘሮ መነን ናቸው። ያኔ ከሰባቱ ሺህ የጎደለባቸው መቶ ስድሳ ሰዓት ብቻ ነበር አሉኝ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ብዬ ላልፈው ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። መቶ ስድሳ ሰዓት በስምንት በስምንት ሰዓት ሃያ ሺፍት ነው። በሩ ሊዘጋ በቀረው በዚያ በመጨረሻው ዓመት ብቻ ከሃያ በላይ መርዶ ጠርቻቸዋለሁ። አፈርኩ፤ በራሴም ተናደድኩ።

በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። በጠራራ ቀን ፒጃማ ለብሰው ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ።

"ዶክተር፣ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?"

"ብነግርህ ትተወኝ ነበር?"

አዎ ልል ፈለግሁ። ግን ፎልስ ቸርች የምትኖረው ዘርትሁን አገር ቤት ያለው ወንድሟ ማረፉን ጠዋት ሰምቻለሁ፤ ልቧ ደካማ ነው፣ ሌላ ሐኪም ደግሞ አላውቅም። 

ዶክተር ፊቴን አይተው ጫማቸውን ፈለጉ።

"ማን ሞተ?" አሉኝ።

ነገርኳቸው።