ገንዳ የተባለችው ጀልባ

አምቦ ውስጥ ጀልባ ያለው ቤት የእኛ ብቻ ነበር። ሌላ አለ የሚል ካለ ያምጣና ያሳየኝ። ከተማችን ፍል ውሃ እንጂ ሐይቅ የላትም፤ ስለዚህ አባቴ ግቢያችን ውስጥ ላሜራ ሲያስበይድ ጎረቤቱ ሁሉ የውሃ ታንከር የሚያሠራ መስሎት ነበር። አባቴ ከደቡብ፣ ከአባያ ሐይቅ ዳር የመጣ ነጋዴ ነው። ሱቅ የከፈተው፣ ኦሮምኛ የለመደው፣ እኔንና እህቶቼን ወልዶ ያሳደገው እዚሁ ነው። ሁሉን ለመደ፤ ከውሃ ርቆ መኖርን ብቻ አልለመደም።

ተጎታቹ የተሠራው ከተሰበረ የፈረስ ጋሪ ነው። ጀልባዋን እሱ ላይ ጠፍረን ከአሮጌዋ ፒክአፕ ኋላ እናስርና ጉደርን አልፈን ጌዶ፣ ከጌዶ ወደ ሰሜን ታጥፈን ፊንጫ ግድብ እንደርሳለን። ውሃ ላይ የሥራ ክፍፍላችን የታወቀ ነበር፤ መቅዘፊያው የእኔ፣ ክሩ የእሱ። አባቴ መረብ አይወድም። እጀታዋ የተቆረጠ የሻይ ማንኪያ ከመንጠቆ ጋር ያስርና ክሩን ከጀልባዋ ኋላ ረዘም አድርጎ ይለቀዋል። እኔ በዝግታ ስቀዝፍ ማንኪያዋ ውሃው ውስጥ እያብለጨለጨች ትከተለናለች፤ ትልቁ አሳ ትንሽ አሳ እየመሰለችው ይውጣታል። "ከፈጠንሽ አይደርስባትም፣ ከዘገየሽ ትሰምጣለች፤ ሙሽራ እንደሚያጅብ ሰው ቅዘፊ" ይለኝ ነበር። ሴት ልጅ ጀልባ ትቀዝፋለች እንዴ ለሚሉት መልሴ አንድ ነው፤ ኑና እዩ።

አንድ ጠባዩ ግን ያናድደኝ ነበር። ነጋዴ ባዶ አይሄድም ብሎ ስለሚያምን፣ ወደ ግድቡ ስንወርድ ጀልባዋን የከብት ጨው ሞልቶ ጌዶ ገበያ ላይ ያራግፋል። አንድ ቀን አንድ የከብት ነጋዴ ጀልባዋን በዱላው መታ መታ አደረገና፣

"ኦቦ፣ ጨውስ ይሁን፤ ገንዳው ሜቃ ነው?" ብሎ ዋጋ ጠየቀው።

"ገንዳ አይደለም! ጀልባ ነው!"

"ከብት አያጠጣም?"

"አያጠጣም!"

"ታዲያ ምን ይሠራል?" አለና ትቶን ሄደ።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ አምቦ ገባ። ከዚያ ወዲያ አጥር የሚጋራን ጎረቤታችን ጀልባዋን በስሟ ጠርቷት አያውቅም። "ሐጂ፣ ገንዳህ ዛሬ ምን አጠጣች?" ይለዋል። አባቴ ሐጅ አላደረገም፤ ሰውየው ግን ሐጂ ይለዋል። እሱ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው፤ አባቴም መምህር ይለዋል። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ሳይጠያየቁ ውለው አያውቁም።

ሥጋ ግን አብረው በልተው አያውቁም፤ አባቴ ሙስሊም፣ መምህር ክርስቲያን ነው። የአገሩ ደንብ ነው፤ ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን አይበላም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን። ማንም በማንም አይቀየምም። ድግስ ሲኖረን ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በሬ ገዝተን እንሰጣለን፤ የራሳቸው ሰው ያርድላቸዋል፣ የራሳቸው ድንኳን ይተከላል። እነሱም ለእኛ እንዲሁ ያደርጋሉ። በመምህር ልጅ ምርቃት አባቴ ከዚያኛው ድንኳን ሆኖ ለወዳጁ እጁን ሲያውለበልብ አይቼዋለሁ። ሳቁ የእውነት አልነበረም።

የእኔ ኒካ ሲቃረብ፣ አባቴ በሽማግሌዎች ፊት ብድግ አለና፣ "በልጄ ኒካ ሁለት ድንኳን አልተክልም። ከመምህር ጋር ከአንድ ትሪ እንበላለን። አሳን ማን አረደው ብሎ የሚጠይቅ የለም!" አለ። መምህር ሳቀና፣ "ገንዳዋ ካጠገበችን እሰየው" አለው።

እናቴ ቤት ስትሰማ ጭንቅላቷን ያዘች። "አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም አሉ! አሳው ባይያዝስ?"

"ይያዛል።"

"ባይያዝስ አልኩህ? ለሙሽራው ዘመዶች ሽሮ ልታቀርብ ነው?"

አባቴ ገበያ ሄዶ ሥጋ ያልነካው አዲስ ቢላ፣ ሥጋ ያልነካቸው አዳዲስ ድስቶች ገዝቶ መጣ። በግ አልገዛም፤ በሬም አልገዛም። ነገሩ የምር እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ሙሽራ ከቤት አይወጣም ተብሎ ብዙ ተለፈፈብኝ፤ እኔ ግን ሂና በተቀባ እጄ ፒክአፑ ላይ ወጣሁ። ሌላ የሚቀዝፍለት ማን አለ?

ግድቡ ላይ ብዙም ሳንርቅ እግሬ ረጠበ። ጨው ለካ ክረምት ከበጋ ብየዳውን ሲበላው ኖሯል። ባዶ አልሄድም ያለው ነጋዴ ጀልባውን በራሱ ጨው አስበላ! ወደ ዳር ወጥተን ገለበጥናት። አባቴ ሾፌሮች የሚያንጠባጥብ የነዳጅ ታንከር እንደሚደፍኑት ደረቅ ሳሙና አሽቶ ስንጥቁ ውስጥ ጠቀጠቀ፤ እኔም ሻሼን ቀድጄ ከላይ ወተፍኩበት። ተመልሰን ገባን። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ ነፋስ ተነሳብን። በአንድ እጄ በተቆረጠ ጀሪካን ውሃ እየጨለፍኩ፣ በሌላው እጄ አቅጣጫ እየጠበቅሁ፣ እየቀዘፍኩም ነበር። ሂናው ለቀቀ። አለቀስኩ እንዴ? አላለቀስኩም፤ ተሳደብኩ።

ከዚያ ክሩ ተወጠረ። አባቴ ታግሎ ታግሎ ያወጣው አምባዛ፣ ባለ ጢሙ፣ ክንዴን የሚያክል ራስ ያለው አሳ ነበር። የድግሱን ግማሽ ይችላል። እልል አልኩ። አባቴ ግን ለስላሳ ጀርባውን ዳሰሰ። አምባዛ ቅርፊት የለውም። ቅርፊት የሌለውን አሳ መምህር አይበላም፤ ሃይማኖቱ ይከለክለዋል።

"እኛ እኮ እንበላዋለን" አልኩት። "ለእነሱ ሌላ እንፈልግ፤ ይሄን በሌላ ትሪ..."

"ሌላ ትሪ ፍለጋ ነው እዚህ የመጣሁት?" አለና መንጠቆውን ነቅሎ አሳውን ወደ ውሃው ለቀቀው።

አባቴን ከዚያ ቀን በላይ ወድጄው አላውቅም። በሬ የለም፣ በግ የለም፣ ጀልባዋ ታፈስሳለች፣ እሱ ደግሞ ለወዳጁ ሲል የያዘውን ይለቃል። እጄ ተልጦ ሳለ መቅዘፊያውን እንደገና ያዝኩ። በዝግታ፣ ሙሽራ እንደሚያጅብ ሰው ቀዘፍኩ፤ ሙሽራዋ ራሴ ብሆንም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጀመሪያ አንድ ነጭ አሳ ያዘ፣ ባለ ቅርፊት። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። በማግስቱም ጠዋት እንዲሁ። በአዲሱ ቢላ ሆዳቸውን ከፍተን አጽድተን፣ በእርጥብ ኮባ ጠቅልለን ጀልባዋ ውስጥ ደረደርናቸው። ጌዶ ላይ ከጨው ጊዜ ጀምሮ የሚያውቁን የከብት ነጋዴዎች፣ ገንዳው ዛሬ ምን ጭኗል ብለው መጡ። አባቴ ኮባውን ገለጥ አድርጎ አሳያቸው፤ አንዳቸውም ዋጋ አልጠየቁም።

በኒካው ቀን አንድ ድንኳን ተተከለ። ሲጠበስ እናቴና የመምህር ባለቤት በአንድ ምድጃ ዙሪያ ነበሩ፤ እኔም በተላጠ እጄ ላይ አዲስ ሂና ተቀብቼ ከጓዳ በር እመለከት ነበር። መምህር ትሪው ፊት ተቀምጦ አልነካም አለ። ሃይማኖት አልነበረም፤ የደጋ ሰው ነው፣ የአሳ እሾህ ፈርቶ ነው። አባቴ አንድ ቁራሽ አነሳና በልጅነቴ ለእኔ እንደሚያደርገው እሾሁን አንድ በአንድ ለቀመው። ከዚያ ጠቀለለና አጎረሰው። መምህር አላመጠ፣ ዋጠ፣ ወዲያው መልሶ አባቴን አጎረሰው። አባቴ እያኘከ ሳቀ፤ የዚያ ቀን ሳቁ የእውነት ነበር።

ጀልባዋ እንደገና ተበየደች፤ ከዚያ ወዲህ ጨው ጭና አታውቅም። ዛሬ የአባቴ ጉልበት አልታዘዝ ብሎታል፤ ክሩን እንጂ ተጎታቹን አይችልም። እኔም ወልጃለሁ። ባለፈው ሰሞን ልጄን ይዤ ወላጆቼን ልጠይቅ መጥቼ ሳለሁ፣ መምህር በምርኩዝ እየተደገፈ ገባ።

"ልጄን ልድር ነው" አለው አባቴን።

"እንኳን ደስ ያለህ!"

"በሽማግሌ ፊት ተናግሬያለሁ። ሁለት ድንኳን አልተክልም ብያለሁ።" ወደ ጓሮ አየት አደረገ። "ጀልባዋ ደህና ናት?"

አባቴ ዞሮ እኔን አየኝ። ልጄን ከጭኔ አውርጄ መቅዘፊያውን ላመጣ ተነሳሁ።