ዓርብ የዋለችው የጥር ማርያም

ማስተማር እወዳለሁ፤ ልጆቼን እወዳለሁ፤ ባሌም ደህና ሰው ነው። እንግዳ መጥራት ግን ያስፈራኝ ነበር። የሚፈራ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል ይባላል፤ እኔ ግን ስፈራ እጮሃለሁ። የእንግዳ ቀን ሲደርስ ቤቱን ገለባብጬ፣ ልጆቹን አስለቅሼ፣ ባሌን ከቤት አባርሬ፣ ሰው ሲገባ ጥርሴን ብልጭ አድርጌ "እንኳን ደህና መጣችሁ" እላለሁ። ሰው ሲወጣ ደግሞ እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ ማንም እንዳያናግረኝ። ሞላሌ ውስጥ ይህን ጠባዬን የማያውቅ ጎረቤት የለኝም።

የማርያም ጽዋ ማኅበር አለን። አሥራ ሁለት ሴቶች ነን። ወር በገባ በሃያ አንድ ቀን በየተራ አንዳችን ቤት እንሰበሰባለን፤ የንስሐ አባታችን ይባርካሉ፤ ጽዋው ይዞራል፤ ይበላል፤ ይጠጣል፤ ሲያበቃ ባለተራዋ ጽዋውን ለሚቀጥለው ወር ባለተራ ታስረክባለች። ተራው በየዓመቱ መስከረም ላይ በዕጣ ይወጣል። ቦታው ግን የሚወረስ ነው። እኔ የያዝኩት የእናቴን ቦታ ነው፤ አብሮ አደግ ጓደኛዬ ደግሞ የእናቷን። እናቶቻችን ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲጠጡ ኖሩ፤ እኛም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጥን ስለሆንን እዚያም ሄደን ጎን ለጎን ሆንን። እሷ ገበያው ዳር ሽንኩርትና ድንች፣ ጎመንና ካሮት ትሸጣለች። ሦስት ወንዶች ልጆች አሏት፤ ሦስቱም ጫማ በሊታ ናቸው።

ማኅበሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ይህን አልክድም። ባለፈው ዓመት ተራዬ ጥቅምት ላይ ደረሰና ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ በግ አረድኩ፤ ለስላሳ በሳጥን አስመጣሁ፤ የፕላስቲክ ወንበር ለምኜ ደረደርኩ። ድሮ ድፎ ዳቦና ጠላ፣ ንፍሮና ቆሎ ይበቃ ነበር። ከእኔ በኋላ የመጡት ደግሞ እንዴት ትበልጠናለች ብለው እልህ ውስጥ ገቡ። አንዷ በግ ስታርድ አንዷ ዱለት ጨመረች፤ በጾሙ ወራት እንኳ ሰባት ዓይነት ወጥ ካልቀረበ ሰው የሚያማ መሰለን። ባለተራ ሆና ወር ሙሉ ያልተጨነቀች ሴት አልነበረችም።

በታኅሣሥ ማኅበር ማግስት ጓደኛዬ መንገድ ላይ አስቁማኝ ከማኅበሩ እንደምትወጣ ነገረችኝ። የዘንድሮ ዕጣ እኔን ጥር፣ እሷን የካቲት ላይ አውጥቶን ነበር። ጽዋውን ከእኔ እንደማትቀበል፣ ለሚቀጥለው ሰው እንዳሳልፈው ነው የምትለኝ። ለምን ስላት ጊዜ የለኝም አለች። እኔ ደግሞ ቁጣ ይቀድመኛል። የእናትሽን ቦታ ልትጥዪ ነው ወይ፣ እሷ በመቃብር ምን ትላለች፣ አፈር አትሆኚም ወይ ብዬ ያልተናገርኩት አልነበረም። ሰምታ ስታበቃ ዘንቢሏን አንስታ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ወር ሙሉ ሰላምታ ብቻ ሆንን። በልቤ ግን ድግሱን ፈርታ እንደሆነ አውቄዋለሁ ብዬ ነበር፤ ድግሱን ደግሞ ያመጣሁት እኔ።

ታዲያ ለመካስ ምን አሰብኩ? ዶሮ! እንዲህ ያለ ጭንቅላት ነው ያለኝ። ሁለት ዶሮ አሳምሬ ብሠራ፣ ፈረሰኛውን ለእሷ ባወጣላት፣ አክብሮቴን አይታ ልቧ ይራራል ብዬ ነው። ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ፤ ከጥምቀት የተረፈውን ቅቤ ያለ ስስት ጨመርኩ፤ ድስቱ ሲወጣ ራሴን አደነቅሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ባሌ የጫማውን ክር እያሰረ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ "ዶሮውን አባታችን ምን ይሉት ይሆን? ዛሬ እኮ ዓርብ ነው" አለኝ።

ወር ሙሉ ሃያ አንድ፣ ሃያ አንድ ስል ቀኑን እንጂ ዕለቱን አስቤው አላውቅም። በየቀኑ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ዕለትና ቀን በሚያምር ጽሕፈት የምጽፍ መምህርት፣ በዓርብ ቀን ካህን ፊት ዶሮ ላቀርብ ነበር። ባሌ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ማታውኑ ለምን አልነገርከኝም ብዬ ጮህኩበት። እንዳትቆጪ ብዬ ነው አለ። ይኸው ተቆጣሁ አልኩት። በዚህ ብርድ ወጡ እስከ ሰኞ እንደማይበላሽ፣ እሱም ችግሩን ለመካፈል ዝግጁ መሆኑን ነግሮኝ ወጣ።

እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል አስተማርኩ፤ ምን እንዳስተማርኩ ግን አትጠይቁኝ። የዓርብ ቅዳሴ የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ማኅበርተኛው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ይመጣል። በእጄ ያለው ቅቤ ያልነካው ድፎ ዳቦና የገብስ ጠላ ብቻ ነው። ምርጫ ስላልነበረኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ ወደ ጓደኛዬ መደብ ሄድኩ። ጎመን አልኳት፣ ድንች አልኳት፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ጥቅል ጎመን። እየመዘነች ቀና ብላ አየችኝና በዚህ ሰዓት ይህ ሁሉ ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የዶሮውን ነገር ነገርኳት።

እንዲያ ስትስቅ ካየኋት ዘመን የለውም። በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን እየጠረገች፣ ይብቃኝ እያለች መልሳ ትስቃለች። አጠገቧ የምትሸጠዋ ሴት ምን ሆና ነው ብላ ብትጠይቅ ለእሷም ነገረችልኝና ሁለት ሆነው ሳቁብኝ። ሲበቃት ጎመኑን ከዘንቢሌ አውጥታ ወደ መደቧ መለሰች፤ ድንቹንም መለሰች። ባቄላ ቤትሽ አለ ወይ አለችኝ። ባቄላ መንዝ ውስጥ የማይገኝበት ቤት የትኛው ነው? እንግዲያው አሹቅ እንሥራ ብላ መደቧን ለሳቂዋ ጎረቤቷ አደራ ሰጥታ ተነሣች። በጥር ማርያም አሹቅ? ሰው ምን ይለኛል? እያልኩ ከኋላ ከኋላዋ ተከተልኳት።

አሹቅ ምን ልፋት አለው! ባቄላውን ቆላን፤ ትኩሱን ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈን ከደንነው፤ አብጦ ሲለሰልስ አጥልለን በጨው፣ በዘይትና በሚጥሚጣ አሸነው። ባቄላው እስኪለሰልስ ድረስ ሁለታችን ጓዳ በር ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ሥራ አልነበረንም። ያን ጊዜ ነው ድፍረት አግኝቼ፣ ከዛሬ በኋላ እኔ ራሴ ድግሱ ይቅር እንደምል፣ ከእንግዲህ ስለ ወጪው እንዳትጨነቅ የነገርኳት።

"በድግሱ ነው የምወጣው ያለሽ ማነው?" አለች። "እኔ እዚያ የምመጣው ሰው ላገኝ ነው። ባለተራዋ ጓዳ፣ እኛ ሰሃን ላይ አፍጥጠን፤ ተበልቶ ይወጣል። ለመብላትማ ቤቴ እበላለሁ።"

ክዳኑን አንስቼ ባቄላውን በጣቴ ጫን ጫን አደረግሁት። ጽዋውን ትቀበዪኛለሽ ወይ ብዬ ልጠይቃት ፈለግሁ፤ ግን እንቢ ካለችኝስ ብዬ ተውኩት።

ቤታችን በጥር ወር ውስጡ በረዶ ነው። በምዕራብ በኩል ያለው የግድግዳው ሥር ግን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይዞ ይውላል፤ እሑድ እሑድ ልብስ አጥቤ ስጨርስ ጀርባዬን አስደግፌ ሩብ ሰዓት የምሰርቀው እዚያ ነው። ልጆቼ እማዬ ፀሐይ ላይ ናት ካሉ አይጠጉኝም። ጓደኛዬ ቦታውን ታውቃለች። ሳታማክረኝ አጎዛውንና የበግ ጠጉር ባናውን አውጥታ እዚያ አነጠፈችው። ሳሎን ውስጥ በጠዋት የደረደርኳቸው ወንበሮች ብቻቸውን ቀሩ።

ማኅበርተኛው መጣ። የማኅበሩ ታላቅ አንዲት እናት ናቸው፤ የማኅበር መሪ እንደሚባለው ሙሴ የምንላቸው። ያልወደዱትን ፊት ለፊት የሚናገሩ ሰው ናቸው። አጎዛውን አዩ፤ ግድግዳውን አዩ፤ እኔን አዩ። ከዚያ እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡና፣ ለመሆኑ ጉልበታቸውን ፀሐይ እንዲመታው ያሰበላቸው ማን እንደሆነ ጠየቁ። አሹቁ ሲቀርብላቸው ጥርስ የሌለው ሰው ያስታወሰች ልጅ ብለው መረቁኝ። ያልሠራሁበት ምርቃት ነበር፤ ተቀበልኩት። ጽዋው ዞረ፤ ዳቦው ተቆረሰ። የዶሮው ወሬ እንዴት እንደወጣ ባላውቅም ወጣ። አባታችን ሳይቀሩ፣ ነገ ቅዳሜ ስለሆነ ለጉብኝት የሚመጣ ቢኖር በር ይዘጋበት እንደሆነ ጠየቁ። ሳቁ እስከ መንገድ ተሰማ።

እኔም ተቀመጥኩ። ይህን ስጽፈው ቀላል ይመስላል። በራሴ ማኅበር፣ በራሴ ደጅ፣ እግሬን ዘርግቼ፣ አንድ እፍኝ አሹቅ ይዤ መቀመጤ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። የሚሞቅ ወጥ የለ፣ የሚታጠብ ሰሃን የለ፤ የጎደለ ጠላ ቢኖር ቅርብ ያለ ሰው ይቀዳል። የማን ልጅ ጥርስ እንዳወጣ፣ የማን ላም እንደወለደች፣ የማን ባል እንዳኮረፈ ሰማሁ። አንዷ ልጇ ማንበብ እንዳስቸገረው በአፍረት ነገረችኝ፤ ለካ እኔው ትምህርት ቤት ነው ያለው። እንዴት ደስ እንዳለኝ! በጉን ባረድኩ ጊዜ ይህን የሚያህል ደስታ አላገኘሁም።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል አባታችን ተነሡ፤ ሁላችንም ተነሣን። ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ በሁለት እጄ ያዝኩት። ተረኛዋ ትቅረብ አሉ። ጓደኛዬ ቆማለች፤ አልተንቀሳቀሰችም። ሙሴ ወደ እኔ፣ እኔ ወደ እሷ። ያን ጊዜ ስንት ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ እንደመጣ እግዜር ያውቃል፤ ልማጸን፣ ልቆጣ፣ ስለ እናቷ ላስታውሳት። አልተናገርኩም። ጽዋውን ይዤ ብቻ ቆምኩ።

ነጠላዋን መዳፏ ላይ ዘረጋችና ቀረበች። "የካቲት እኔ ቤት ነው" አለች። "ንፍሮና ዳቦ ነው። ሌላ ነገር ይዤ እመጣለሁ የምትል ካለች ከበር እመልሳታለሁ።"

እልልታው ቀለጠ። ሙሴም እዚያው፣ ከእንግዲህ አንድ ዳቦ፣ አንድ ቁርስ፣ አንድ ጠላ፣ ባለተራዋም ካልተቀመጠች ማንም አይቀመጥም ብለው ደነገጉ። እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው፤ ሥራ የሚበዛብን እናቶች አሁን ተራችን እንዲደርስ እንናፍቃለን ብል ውሸት አይሆንብኝም።

እንደ ወጉ ጽዋውን የተቀበለችውን ቤቷ ድረስ እንሸኛለን። ሴቶቹ እየዘመሩ ከፊት ሄዱ፤ እኔና እሷ ኋላ ቀረን። ጽዋውን ደረቷ ላይ አስጠግታ ትንሽ ከሄደች በኋላ፣ አምና አንቺ ቤት ጽዋው ሲዞር አልጠጣሁም ነበር አለችኝ። አላየሁም አልኳት። ሴት ልጅ ደም ላይ ስትሆን ጽዋውን አትቀምስም፤ ወርሽ ነበር መሰለኝ ብዬ ልቀጥል ስል ራሷን ነቀነቀች።

"ጨንግፎብኝ ነበር" አለች። "አራት ወር ሊሞላ ነበር፤ ማንም አያውቅም። ለአንቺ ልነግርሽ ነው የመጣሁት። ጓዳ ድረስ ተከትዬሽ ገባሁ። ዘወር ስትዪ አየሽኝና ሰሃን አስያዝሽኝ።"

መንገዱ መሐል ቆምኩ። ሰሃኑን ሳስይዛት አላስታውስም፤ ያን ቀን ያገኘሁትን ሁሉ ሰሃን አስይዤ ነበር። ተሸክማ ሄዳ፣ አስቀምጣ፣ ከሰው ጋር ተቀምጣ፣ ማታ ቤቷ ገብታለች። እንባዬ ዝም ብሎ ወረደ። ከፊት ዝማሬው እየራቀ ሄደ፤ አንዷ ዞር ብላ ኑ እንጂ አለችን። በእጄ ሂዱ አልኳት።

መንገድ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ሁለታችንም ተቀመጥን። ወንድ ነበር ወይስ ሴት አልኳት። እንጃ፣ ሴት ናት ብዬ ነበር አለች። ስምስ አስበሽላት ነበር ወይ አልኳት። ጽዋውን ጉልበቷ ላይ አስተካከለችና አዎ አለች።

ስሟን ነገረችኝ።