የጅቡ ጉድጓድ ተራ

በደርግ ጊዜ ከሚሴ ላይ ቀበሌያችን ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ የሕፃናት መዋያ ሲከፍት አስተማሪ ተደርጌ የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ትምህርቴ ከመሠረተ ትምህርት አያልፍም። ሴቶች ማኅበር ውስጥ ግን ከእኔ በላይ የሚጮህ ስላልነበረ፣ ልጅ ዝም ታሰኛለች ብለው መሰለኝ። ያኔም አያት ነበርኩ፤ የልጅ ልጄ ከተማሪዎቼ አንዷ ነበረች።

አስተምሪ ከተባልኩት አንዱ የእንስሳት መኖሪያ ነው። ሥዕል የሰጠኝ የለም። ስለዚህ ግቢውን አገር አደረግሁት። ከቦኖው ሥር ውሃ የሚያቁርበት ቦታ የአካባቢያችን የጨፋ ረግረግ ሆነና ሽመላው እዚያ ቆመ። የድንጋዩ ክምር ለሽኮኮ፣ ዋርካው ለጦጣ። አጥሩ ጥግ ለምርጊት ጭቃ ሲወጣበት የቀረ ጉድጓድ ነበር፤ ላዩን በማሽላ አገዳ ከደንኩና የጅብ ቤት አልኩት። ልጆቹ እንስሳቱን ሆነው፣ "ቤታችሁ ግቡ" ስላቸው እየሮጡ ይገባሉ፤ እኔ እየዞርኩ ምን እንደሚበሉ፣ ለምን እዚያ እንደሚኖሩ እጠይቃቸዋለሁ።

ማን ምን እንደሚሆን የሚመርጡት ራሳቸው ልጆቹ ነበሩ። ነገሩ የተበላሸው በዚህ ነው። ጉድጓዱ የሚደርሳት ሁልጊዜ አንዲት ልጅ ነበረች፤ የቀጥቃጩ ልጅ። አባቷ ማረሻና ማጭድ ይሠራል። በእኛ አገር ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባላል፤ ልጆቹም ከየቤታቸው ሰምተውታል። ኦሮምኛ የሚናገሩት "ወራቤሳ"፣ ሌሎቹ "ጅቦ" እያሉ በሁለት ቋንቋ ይሸኟታል። እሷ አታለቅስም። ገብታ ትቀመጣለች፤ ጨዋታው ሲያልቅ ትወጣለች።

አንድ ጠዋት እናቷ መጣች። ከበሩ አላለፈችም። ልጄን ልወስዳት ነው፣ እዚህ ስትሰደብ ከምትውል አባቷ ወናፍ ሥር ብትውል ይሻላታል አለችኝ። እስከ ነገ ማታ ተይልኝ ብዬ ለመንኳት።

"ነገ ምን ይለወጣል?" አለች።

ግን ተወችልኝ።

ያን ቀን ማታ የራሷን ልጅ ወደ ቤት ልትወስድ የመጣች አንዲት ጎረቤቴ ነገሩን ስትሰማ፣ የልጆች ጨዋታ ነው፣ ደግሞስ መች ዋሹ አለችኝ።

"ሌሊቱን ሙሉ ጅብ ሆኖ ሲዞር ያደረ ሰው፣ ቀን እሳት ፊት ቆሞ መዶሻ ያነሳል?" አልኳት። "አንቺ እንኳ እንቅልፍ ያጣሽ ለት ውሃ መቅዳት ያቅትሽ የለ።"

ሳቀች እንጂ አላመነችኝም። በክርክር እንደማይሆን ያኔ ገባኝ።

በማግስቱ ምርጫ ቀርቷል፣ ሁሉም በተራው ሁሉንም ይሆናል አልኳቸው። የመጀመሪያዋን ጅብ የልጅ ልጄን አደረግኋት። ሽመላ ካልሆንኩ የምትል፣ ከውሃው የማትወጣ ልጅ ናት። መሬት ላይ ተንከባለለች። ቤታችን ቅርብ ነውና ጩኸቷን የሰማችው እናቷ፣ ልጄ ማለት ነው፣ እየሮጠች መጣች።

"እማ፣ የገዛ የልጅ ልጅሽን ጅብ ታደርጊያለሽ? ሰው ምን ይላል?"

"ለዚህችኛዋ ነውር ከሆነ ለዚያችም ነውር ነበር" አልኳት። "ለዚያች ጨዋታ ከሆነ ለዚህችም ጨዋታ ነው።"

ልጄ አኩርፋኝ ሄደች። የልጅ ልጄ ደግሞ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ አልገባም አለች። የዚያን ለት የሽመላነቱ ተራ የቀጥቃጩ ልጅ ነበር። ከውሃው ወጥታ መጣችና እጇን ይዛት ገባች። ከአገዳው ሥር ድምጿን ሰማሁ፤ ያን ያህል ስታወራ ሰምቼያት አላውቅም።

"እዚህ ጋ ተቀመጪ፤ እዚያ ፀሐይ ይገባል። ይሄ የልጆቿ መኝታ ነው፣ አትርገጪው።"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ለካስ ያን ሁሉ ቀን ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ግድግዳውን በጣቷ ፈልፍላ፣ ሣር አንጥፋ፣ ከጭቃ የሠራቻቸውን ትናንሽ ጅቦች ደርድራ አስተኝታቸዋለች። ጅብ ልጆቿን ጉድጓድ ውስጥ እንደምታሳድግ የነገርኳቸው እኔው ነኝ። ሌሎቹ ሲስቁ እሷ ታዳምጠኝ ኖሯል።

ደግሞም ጉድጓዱ ይቀዘቅዛል። የከሚሴን የቀትር ፀሐይ የሚያውቅ ይህን ነገር ቀላል አይለውም። የቀጥቃጩ ልጅ ወደ ውሃዋ ስትመለስ የልጅ ልጄ አልወጣም ብላ እዚያው ቀረች። ምን አግኝታ ነው እያሉ ሌሎቹ መጡ። ጦጣው ከዋርካው ወረደ። ብዙም ሳይቆይ የጅቡ ተራ የኔ ነው፣ የኔ ነው እያሉ መገፋፋት ጀመሩ፤ እኔም እየጮህኩ አሰልፋቸው ገባሁ።

የቡዳ ወሬ በዚያ ቀን ከከተማችን ጠፋ አልልም። ልጆቿን ከዚያች ልጅ አጠገብ አላስቀምጥም ያለች እናት ከዚያም በኋላ ነበረች፤ እሷንም ተጣልቻታለሁ።

የዚያኑ ለት ማታ የቀጥቃጩ ልጅ እናት ቃሏን ጠብቃ መጣች። ጉድጓዱ ፊት የሚጋፉትን ልጆች አየች። ልጇን ፈለገች፤ ልጇ ውሃው መሐል በአንድ እግሯ ቆማለች።

"ነይ፣ እንሂድ።"

"ተራዬ አላለቀም" አለች ልጅቷ፣ እግሯን ሳታወርድ።

እናቷ ዞር ብላ አየችኝ። በሩን አልፋ ገባችና የድንጋዩ ክምር ላይ ተቀመጠች።

"ይሄ የሽኮኮ ቤት ነው" አላት እዚያ ያለው ልጅ።

"እንግዳ ነኝ" አለችው።

ልጁ ትንሽ አሰበና ጠጋ አለላት።