ለሥራ ቅጥር የተላኩት ሽማግሌዎች

ይህ የደረሰብኝ ጋምቤላ ክልል ከሆነች ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ነው። ሰው ስለማያስረሳኝ አልረሳውም። መሥሪያ ቤት ውስጥ አዳዲስ ሠራተኞች «አንተ እንዴት ተቀጠርክ?» ሲሉኝ «ሽማግሌ ተልኮ» እላለሁ። ቀልድ መስሏቸው ይስቃሉ። እንግዲህ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው።

ያኔ የምኖረው አቦቦ አካባቢ ከቤተሰቦቼ ጋር ነበር። በሰፈራው ጊዜ ከወሎ ስንመጣ ገና ጥርሴን ያልነቀልኩ ልጅ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ቤት ከዋልኩ ቆይቻለሁ። በቆሎ አርማለሁ፣ ዝንጀሮ ከማሳ አባርራለሁ። ታላቅ ወንድሜ ወርቅ ልቆፍር ብሎ ዲማ ሄዶ ጉድጓድ ተንዶበት ወገቡን ይዞ ተመልሷል። ወርቅ ይዞ አልተመለሰም። አንድ ቀን እራት ላይ አባቴ «ዘንድሮ ሥራ ካላገኘህ አንተም ወደ ዲማ ነህ፤ መሬቱ ለሁላችን አይበቃም» አለኝ። እናቴ እራቷን ትታ ተነሳች።

በዚያው ሰሞን አንድ ቢሮ የሰው ኃይል ምልመላ ሠራተኛ እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። አዲሱ ክልል የጤና ረዳትና መምህር አጥቶ ነበር። የሚቀጠረው ሰው በየወረዳው እየዞረ የተማሩ ወጣቶችን ይፈልጋል፣ ቤተሰባቸውን ያግባባል፣ ወደ ሥልጠና ያመጣል። አመለከትኩ። ለቃለ መጠይቅም ተጠራሁ።

መዘጋጀት ጀመርኩ። ከተማ ካለ ጓደኛዬ የሠራተኛ አስተዳደር ማስተማሪያ ተውሼ «ምልመላ ማለት ለአንድ የሥራ መደብ ብቁ የሆኑ እጩዎችን የመፈለግና የመሳብ ሂደት ነው» የሚለውን እንደ ዳዊት ሸመደድኩት። እህቴ ዘነበች ጠያቂ እየሆነች ታለማምደኛለች። ጀሪካን ላይ ትቀመጥና ፊቷን ታኮሳትራለች። ትርጉም ስትጠይቀኝ እንደ ውሃ ነው የማወርደው። የከበደችኝ አንዲት ጥያቄ ናት፤ ጓደኛዬ «ይህቺን የማይጠይቅ የለም» ብሎኛል። «ስለ ራስህ ንገረን፤ ከሌሎቹ ለይተን ለምን አንተን እንቀጥራለን?» የምትለዋ።

«ታታሪ ነኝ» ብዬ ስጀምር እህቴ ሳቀች። «ታማኝ ነኝ» ስል ከነጀሪካኗ ወደቀች።

አባቴ አጥር እየጠገነ ይሰማን ኖሯል።

«ራስህን አመስግን ነው የሚሉህ?» አለኝ።

«አዎ፣ አሠራሩ እንደዚያ ነው አባዬ።»

«ሰው ሳለ? ራሱን የሚያመሰግነውን ማን ያምነዋል? ልጅ የሚዳረው በሰው አፍ ነው።»

ወደ አጥሩ ተመለሰ። ነገሩ እዚያው ያበቃ መስሎኝ ነበር።

ከቀጠሮው ቀደም ብዬ በአይሱዙ ጋምቤላ ገባሁና ጓደኛዬ ዘንድ አደርኩ። ጠዋት የእሱን ኮት ለብሼ ቢሮው ደረስኩ። የጋምቤላን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ኮት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተደርድረን ከተቀመጥነው ተወዳዳሪዎች መካከል ኮት የለበስኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ስሜ ተጠርቶ ገባሁ። ጠያቂዎቹ ሦስት ናቸው። ሰብሳቢው መነጽር ያደረጉ፣ ሚሽን ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ረጅም አኙዋ ናቸው። በቀኛቸው ቃለ ጉባኤ የምትይዝ ሴት ተቀምጣለች። ሦስተኛው ሰው እስከ መጨረሻው ስላልተናገረ ስለ እሱ የምለው የለኝም።

«እሺ፣ ስለ ራስህ ንገረን» አሉኝ ሰብሳቢው።

ስሜን ተናገርኩ። ከዚያ በኋላ የመጣልኝ የእህቴ ከጀሪካን መውደቅ ነው። ዝም አልኩ። ላቤ ኮቱ ውስጥ ይወርዳል። ዲማ ታየኝ።

ይሄኔ ዘበኛው በሩን ከፈተ። የከተማው ተወላጅ ነው። «ሦስት ሽማግሌ መጥቷል» አለ። «ተቀመጡ አልኩ፣ እምቢ። ሂዱ አልኩ፣ እምቢ።»

«ምን ፈልገው ነው?»

«ይሄን ልጅ» አለና በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ።

ዞር ብል ሦስቱም ከበሩ ላይ ቆመዋል። ሼህ ይማም የሰፈራችን ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ ናቸው። አያ በላይ የክርስትና አባቴ ናቸው። አቶ ኡጁሉ ደግሞ እርሻቸው ከእርሻችን የሚዋሰን የአቦቦ ተወላጅ ናቸው። ሦስቱም ጋቢ ደርበዋል። አቶ ኡጁሉ ጋቢ ኖሯቸው አያውቅም፤ የለበሱት የአባቴን ነው። ማን እንደላካቸው የገባኝ በጋቢው ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ደጃችሁ ቆመናል» አሉ ሼህ ይማም። «የመጣነው ስለዚህ ልጅ ነው። እሱ ስለ ራሱ ቢናገር ነውር ነው። እኛ እንናገርለት።»

ሰብሳቢው ወንበር አሳዩዋቸው።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አያ በላይ።

ሴትየዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ይህ ቢሮ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ የለውም» አሉ፣ ሳይስቁ።

«እናውቃለን» አሉ ሼህ ይማም፣ እሳቸውም ሳይስቁ።

አቶ ኡጁሉ ለሰብሳቢው በቋንቋቸው ጥቂት ተናገሩና እኛም እንድንሰማ ወደ አማርኛ መለሱት። «እኛም ጋ እንደዚህ ነው። ልጁ ዝም ይላል፣ ሌላ ሰው ያወራል። አንተም ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ» አሉ ሰብሳቢው። «ግን ሽማግሌ ነጥብ የለውም፣ ይሄን እወቁ። ከመጣችሁ አይቀር አንድ ነገር ልጠይቅ። ይህ ልጅ እዚህ ቢሮ ውስጥ ዘመድ አለው?»

አያ በላይ ይህን ጥያቄ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠብቁት የኖሩ ይመስሉ ነበር። ለጋብቻ ሲሆን ሥጋ እንዳይገናኝ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። እሳቸውም የአባቴን አባቶች አንድ በአንድ ቆጠሩ፣ በእናቴም በኩል ቆጠሩ። ሲጨርሱ «ከነዚህ አንዱም እዚህ ቢሮ አልደረሰም፤ ከናንተ ጋር ሥጋ አይገናኝም» አሉ።

በሩ ክፍት ነበር። ኮሪደሩ ላይ ካሉት ተወዳዳሪዎች አንዳንዱ ሳል ያዘው።

«ጉድለቱስ?» አሉ ሰብሳቢው።

«እንቅልፍ ይወዳል» አሉ ሼህ ይማም።

«ሲያኮርፍ እህል አይቀምስም» አሉ አያ በላይ።

አቶ ኡጁሉ አሰብ አደረጉና «ዋና አይችልም» አሉ። ሥራው በጀልባ እስከ ማታር የሚያስኬድ ነው። ሴትየዋ እስክሪብቶዋን አንስታ ጻፈችው።

ምስጋናዬን ብጠብቅ ብጠብቅ ቀረ። ሰብሳቢውም የጠበቁ ይመስለኛል። «ደግ ጎኑንስ አትነግሩኝም?» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሼህ ይማም ጥያቄው የገባቸው አይመስሉም። «መጥተን የለ?» አሉ።

ከዚያ ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሩ። «አንድ አባት የተማረች ልጁን ለጤና ሥልጠና አልሰጥም ቢልህ ምን ታደርጋለህ?»

ለዚህች እንኳ ከማስተማሪያው የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ። «የሥልጠናውን ጠቀሜታ በዝርዝር በማስረዳት» ብዬ ጀመርኩ። አያ በላይ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ተደግፈዋል። አቶ ኡጁሉ በአባቴ ጋቢ ውስጥ ፊታቸው በላብ ርሷል። የማስተማሪያውን መልስ ተውኩት።

«አባትየው የሚያከብራቸውን ሰዎች ይዤ እሄዳለሁ» አልኩ። «እስኪሰማኝ ድረስ አልቀመጥም።»

«ጻፊው» አሏት ሰብሳቢው ሴትየዋን። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው «ሰምተናል። ተመካክረን እናሳውቃለን። አሁን ተቀመጡና ውሃ ጠጡ» አሉ። ተቀመጡ። አያ በላይ ሲቀመጡ ያወጡት ትንፋሽ እስካሁን ይሰማኛል።

ስንወጣ ሼህ ይማም ደስ ብሏቸው ነበር። «ደህና ቤት ነው» አሉኝ። «በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ቤት አይታመንም።»

የግቢው በር አጠገብ ትልቅ ማንጎ አለ። ከሥሩ አባቴ ቆሟል። በእኛ ወግ የልጁ አባት ከሽማግሌዎቹ ጋር ስለማይገባ ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ነበር። ከጎኑ ዘበኞች የሚያርፉበት አግዳሚ ባዶውን ተቀምጧል። በጣም ተናድጄበት ስለነበር የምናገረውን ከኮሪደሩ ጀምሮ ሳሰናዳ ነው የመጣሁት። እግሩን ሳይ ግን አብጧል።

«ለምን አልተቀመጥክም?» ብቻ አልኩት።

«ሰው ለልጄ ቆሞ እኔ ልቀመጥ?» አለኝ። ከአቶ ኡጁሉ በላብ የራሰ ጋቢውን ተቀብሎ ትከሻው ላይ ጣለና ወደ አቦቦ ወደሚሄደው መኪና መራን።

ውጤቱ ሲለጠፍ ከተቀጠሩት መጨረሻ ላይ ስሜ ነበር። ዲማ ቀረ። እናቴ ለሦስቱ ሽማግሌዎች ዶሮ ሠራች፤ ዶሮውን የባረኩት ሼህ ይማም ስለነበሩ አያ በላይ ሽሮ በሉ፤ ማንም አልተቀየመም።

የመጀመሪያ ጉዞዬ ወደ ማታር ነበር። የጀልባውን ጠርዝ አንቄ ደረስኩ። ልጄን አልሰጥም ካለ አንድ የኑዌር አባት ደጅ፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ይዤ ፀሐይ ላይ ቆምኩ። «ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው የማይቀመጠው?» ብሎ አባትየው ጠየቀ። «እስክትሰማው አይቀመጥም» አለው ሽማግሌው። ሰውየው ብዙ ካየኝ በኋላ በርጩማ አስመጣልኝ። ልጅቷ ዛሬ ነርስ ናት።

አሁን ጠያቂ ወንበር ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ወጣቶቹ ስለ ራሳቸው ሲጠየቁ አይቸገሩም። ሁሉም ታታሪ ናቸው፣ ሁሉም ታማኝ ናቸው። አልፎ አልፎ አንዱ ስሙን ተናግሮ ዝም ይላል። እሱን ቶሎ አላሰናብተውም፤ ዓይኔ በመስኮቱ ወደ ውጭ ይሄዳል።

ያን ቀን እንዳፈርኩ በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም። ዛሬ የምኮራበት ቀን ቢኖር እሱ ነው። ሽማግሌዎቹም አባቴም አልፈዋል። ማንጎው አለ፤ ባለጉዳዩ ሁሉ ከሥሩ ይቀመጣል። እኔ ግን እስከ ዛሬ እዚያ ጥላ ሥር ተቀምጬ አላውቅም።